በጠብታ የሚሰፈር ጣፋጭነት

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ፣ የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ሳይርቅ፣ ቡናና ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ንብረቷ አንድ ጀበና፣ ሁለት ፔርሙስ፣ ስድስት የፕላስቲክ ዱካና ከዝናብ የምታስጥል አንዲት ሸራ ናት። ጠዋት ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ከብቧት ይቀመጣል። ባለፈው ወር አንድ ሽበት የወረሳቸው ሰው ቡና አዘዙ። ሲኒውን እያለቀለቀች «ጋሼ፣ ስኳር ይኑረው?» አለቻቸው።

«ስኳር አለብኝ» አሉ።

አማርኛችን ምግቡንም ሕመሙንም በአንድ ስም ስለሚጠራ መልሱ ቀልድ ይመስላል፤ ማንም ግን አልሳቀም። ሴትዮዋ የስኳሩን ጣሳ ገፋ አድርጋ ሲኒውን እንዲሁ አቀበለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የዓይን ጠብታ ዕቃ የምታክል ብልቃጥ አውጥተው ሲኒው ላይ ጫን ጫን አደረጓት። «ምንድን ነው?» አላቸው ከጎናቸው የተቀመጠ ወጣት ሹፌር። «ስኳር የሌለው ስኳር» አሉት። ብልቃጧ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አንዱ ዋጋዋን ጠየቀ፣ ሌላው አሸተታት፣ አንዲት እናት «ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ፣ ሌላው ውፍረት ትቀንስ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ታክሲ መጣና ሁሉም ተነሥቶ ሮጠ።

ጥያቄዎቹ ግን መልስ ይገባቸዋል። አንድ ዓይነት ብልቃጥ ከአክስቴ ቤትም ስላለች፣ እዚያም መልካም ነገርና ድንጋጤ አከታትላ ስላመጣች፣ እኔ ጉዳዩን እንደ ቡና ወሬ ልተወው አልቻልኩም።

ከብልቃጧ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «ኢ 955» ተጽፏል። ይህ ሱክራሎስ የሚባለው ማጣፈጫ መለያ ቁጥር ነው። ስኳር የሚጣፍጠን ምላሳችን ላይ ካሉ ጣፋጭ ለይተው ከሚያውቁ ተቀባዮች ጋር ስለሚገጥም ነው። ተቀባዮቹ ግን ከስኳር ሌላ አላስገባም የሚሉ አይደሉም፤ ቅርጹ የተስማማ ሞለኪውል ሁሉ ይቀሰቅሳቸዋል፣ አንዳንዱም ከስኳር ይበልጥ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ሱክራሎስ የሚሠራው ከራሱ ከስኳር ነው። ከስኳሩ ሞለኪውል ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ የያዙ ሦስት ቦታዎች በክሎሪን ይተካሉ። ከዚያ በኋላ ምላስ «ስኳር ነው» ይላል፤ ሆድ ግን አያውቀውም፣ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ጣፋጭነቱ ከስኳር 600 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ወንድም እህቶቹም ብዙ ናቸው። ሳካሪን (ኢ 954) ከስኳር 300 ጊዜ ገደማ፣ አስፓርቴም (ኢ 951) እና አሲሰልፌም ፖታሲየም (ኢ 950) 200 ጊዜ ገደማ፣ ሳይክላሜት (ኢ 952) ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይጣፍጣሉ። ስቴቪያ (ኢ 960) ከፓራጓይ አካባቢ ቅጠል የሚወጣ ሲሆን የጓራኒ ሕዝብ ፋብሪካ ሳይኖር ጀምሮ መጠጡን ያጣፍጥበት ነበር። የአብዛኞቹ የግኝት ታሪክ ደግሞ እናቶቻችን ቢሰሙት የሚቆጡበት ነው፤ እጅ ካለመታጠብ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እራት ሲበላ ዳቦው ያለወትሮው ጣፈጠው፤ ሳካሪን ተገኘ። በ1937 ማይክል ስቬዳ ሲጋራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መልሶ ሲያጨስ ሳይክላሜት ተገኘ። በ1965 ጄምስ ሽላተር ወረቀት ሊያነሣ ጣቱን ሲልስ አስፓርቴም ተገኘ። በ1976 ለንደን ውስጥ ሻሺካንት ፋድኒስ ደግሞ «ፈትሸው» የተባለውን «ቅመሰው» ብሎ ሰማ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ይቀራረባሉ። ሱክራሎስ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ነገር ከጤና በፊት የችጋር ሸቀጥ እንደነበረ ማስታወስ ለእኛ ሰፈር ይጠቅማል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1902 ባወጣችው ሕግ ሳካሪንን ከመድኃኒት ቤት ውጪ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። ምክንያቱ ጤና ብቻ አልነበረም፤ የስኳር አምራቾች ገበያቸው መወሰዱ አሳስቧቸው ነበር። ወዲያው ከስዊዘርላንድ የሚገባ የሳካሪን ኮንትሮባንድ ደራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ ስኳር ሲጠፋ ግን የተከለከለው ነገር የድሃው ቤት ጣፋጭ ሆነ። እኛም ዘንድ ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አይቻለሁ። ከሸማቾች ሱቅ ስኳር በጠፋባቸው ወራት፣ ወንጂ ከዚህ በፍጥነት መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ ሳለች፣ የኮንዶሚኒየማችን ሴቶች ኩፖን ይዘው ከሌሊቱ ይሰለፉ ነበር። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚመረትባት ወንጂ ለከተማው ፍላጎት አልበቃችም፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎችም ተጨምረው አገሪቱ ስኳር ከውጭ ማስገባቷን አልተወችም። አክስቴ ብልቃጧን የገዛችው የስኳር ሕመም ስላለባት ነው። ጎረቤቷ የገዛችው ግን ስኳር አጥታ ነው። ሁለቱ አንድ ዕቃ ይዘው የሚፈልጉት የተለያየ ነው፤ ምክሩም ለሁለቱ አንድ ሊሆን አይችልም።

ከልኬት እንጀምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የስኳርን መጠን እጃችን ያውቀዋል። ማንኪያ ጠለቅ ይላል፣ ነቅነቅ ተደርጎ ይገባል፣ ሲበዛም የሚበዛው በአንድ ማንኪያ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጥ ንጹሕ ሱክራሎስ ግን እጅ አያውቀውም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ያንን ለመተካት የሚያስፈልገው ሱክራሎስ 7 ሚሊ ግራም አይሞላም፤ የጨው ቅንጣቶችን በጥፍር ጫፍ እንደ መቁጠር ነው። በሁለት ጣት የሚቆነጠረው ሩብ ግራም ቢሆን እንኳ የ150 ግራም ስኳር ጣፋጭነት አለው። ጎረቤቷ የሠራችውም ይህንኑ ነበር። ከአንድ ሱቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተሸጠላትን ነጭ ዱቄት እንደ ጨው ቆንጥራ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨመረችው። ሻዩን ውሻም አልጠጣውም። ልጆቿ ቀምሰው ለሁለት ሰዓት ያህል ምላሳቸውን ሲጠርጉ ነበር።

ንጹሕ ዱቄት በእጃችሁ ከገባ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በውኃ ማቅጠን። አንድ ግራም ሱክራሎስ በ150 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይሟሟል። ከዚያ አንዷ ሚሊ ሊትር የአንድ ማንኪያ ስኳር ቦታ ትይዛለች። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ መስመሩን ስለሚያሳይ ይበቃል፤ በጠብታ ከሆነ ደግሞ ሃያ ጠብታ ያህል ነው። ነገር ግን አንድን ግራም በትክክል ለመመዘን የወርቅ ሚዛን የሚመስል ነገር ስለሚያስፈልግ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በፋብሪካ የቀጠነውን ፈሳሽ ቢገዛ ይሻለዋል እላለሁ። የአምራቹ ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የምርቱና የማብቂያው ቀን ያልተጻፈበትን በላስቲክ የታሰረ ዱቄት ደግሞ ለማንም አልመክርም። ውስጡ ያለው ሱክራሎስ ይሁን ሳይክላሜት፣ ወይስ የተፈጨ ስኳር፣ ምላስ ለይቶ አይነግራችሁም።

በትንንሽ ከረጢት የሚመጣውም የራሱ ጉድ አለው። ከረጢቱ አንድ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ሱክራሎሱ 12 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ዴክስትሮስና ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን ነው። ዴክስትሮስ ማለት ግሉኮስ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛው የሚሸሸው ያው ራሱ። ታዲያ «ዜሮ ካሎሪ» እንዴት ተጻፈበት? የአሜሪካ ደንብ በአንድ ጊዜ አጠቃቀም ከ5 ካሎሪ በታች የሆነውን ዜሮ ብሎ መጻፍ ስለሚፈቅድ ነው። አንድ ግራም ግሉኮስ ደግሞ 4 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በጠባቡ በር ሾልኮ ያልፋል። ፍርድ ላዛባ አልፈልግም። አንዷ ከረጢት የምትተካው ሁለት ማንኪያ ስኳርን፣ ማለትም 32 ካሎሪን ስለሆነ አሁንም ትርፉ ብዙ ነው። ግን በቀን አሥር ከረጢት የሚያፈስ ሰው አሥር ግራም ያህል ስታርችና ግሉኮስ እየጠጣ መሆኑን ይወቅ። ፈሳሹ ይህ ችግር የለበትም። «ስቴቪያ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለባቸው ጥቅሎችም ሲገለበጡ አብዛኛው ክብደታቸው ኤሪትሪቶል (ኢ 968) የሚባል ሌላ ማጣፈጫ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎች በደማቸው ውስጥ ኤሪትሪቶል ከፍ ያለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና የስትሮክ አደጋ እንደሚበዛ አሳትመዋል። ሰውነታችን ራሱም ኤሪትሪቶል ስለሚሠራ ጥናቱ ጥፋተኛውን ለይቶ አላቆመም፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ በእፍኝ የሚጨምረውን ሰው ግን ቆም ሊያደርገው ይገባል።

ስለ ተፈጥሮ ካነሣን፣ በየቤቱ የምሰማውን ነገር ላንሣ። «ስኳር ትቼ በማር ነው የምጠጣው» የሚሉ የስኳር ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። ማር ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ነው። ለደም ስኳር የወንጂው ነጭና የጎጃሙ ነጭ ማር ብዙ ልዩነት የላቸውም።

ማጣፈጫው ሻይና ቡና ውስጥ ጥሩ ይሠራል፤ ምጣድና ምድጃ ላይ ግን ይሸነፋል። ስኳር ኬክ ውስጥ የሚገባው ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም። መጠኑን ይሞላል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ላዩን ያጠይማል። 200 ግራም ስኳር አውጥታችሁ የአንድ ግራም ሲሶ ያህል ሱክራሎስ ብታስገቡ የሚወጣው ጠፍጣፋና ነጣ ያለ ነገር ነው። አስፓርቴም በሙቀት ጣፋጭነቱን ያጣል። ሱክራሎስም ቢሆን ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ክሎሪን ያለባቸው ጎጂ ውሑዶች ሊፈጠሩ እንደሚችሉ የጀርመን የምግብ ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 አስጠንቅቋል። ለሻይ ይህ አያሳስብም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለቦምቦሊኖ ግን ያሳስባል፤ ዘይቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

አሁን ወደ እናትዮዋ ፍርሃት እንምጣ። ካንሰር የሚለው ወሬ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ሳካሪን የተመገቡ አይጦች የፊኛ ካንሰር ታይቶባቸው አሜሪካ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጋ ነበር። ኋላ ነገሩ በወንድ አይጦች ሽንት ጠባይ የመጣ እንጂ ሰው ላይ የማይሠራ መሆኑ ሲታወቅ በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ሳይክላሜት በ1969 አሜሪካ ውስጥ ታግዶ እስካሁን እንደታገደ ነው፤ አውሮፓ ግን ትፈቅደዋለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ መደበው። በዚያው ቀን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ኮሚቴ የቀድሞውን ገደብ፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም በቀን የሚለውን፣ ሳይቀይር አጸደቀ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያንን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጣት አለበት። ሁለቱ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው «ሊጎዳ የሚችል ነገር አለበት ወይ?» ይላል፣ ሁለተኛው «በምን ያህል?» ይላል።

«በምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ ላይ እኔ ከካንሰሩ ይልቅ የሚያሳስበኝን አገኘሁ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሱክራሎስ የቀን ገደቡ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ 900 ሚሊ ግራም ይፈቀድለታል። ይህ ከ130 ማንኪያ ስኳር በላይ ጣፋጭነት ነው፤ ማንም አይደርስበትም። ርካሾቹ እንክብሎች ግን ብዙውን ጊዜ የሳይክላሜትና የሳካሪን ድብልቅ ናቸው፤ አሥር እጅ ሳይክላሜት፣ አንድ እጅ ሳካሪን። የሳይክላሜት ገደብ በኪሎ 11 ሚሊ ግራም ነው። አንዷ እንክብል 40 ሚሊ ግራም ሳይክላሜት ይዛለች ብንል፣ 60 ኪሎ የሚመዝነው ሰው እስከ 16 እንክብል ይዘልቃል። 15 ኪሎ የሚመዝን የአራት ዓመት ልጅስ? አራት እንክብል። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ በዳቦ የሚጠጣ ሕፃን በእናቱ ልክ ከተጣፈጠለት ገደቡን እቤቱ ሳለ ጨርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ለአክስቴ የተገዛ እንክብል ለልጆች ሻይ አይደለም። ልጅ የሚያስፈልገው ምትክ ሳይሆን ያነሰ ማንኪያ ነው።

ውፍረትስ ይቀንሳል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ ክብደትን ለመቆጣጠር ተብሎ እነዚህ ማጣፈጫዎች እንዳይወሰዱ መክሯል፤ ስቴቪያንም ጭምር ብሎ። በአጭር ጊዜ ሙከራዎች ክብደት በአማካይ ከአንድ ኪሎ ባነሰ ይቀንሳል። ለዓመታት በተከታተሉ ጥናቶች ግን ተጠቃሚዎቹ ዘንድ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና የልብ ሕመም በርከት ብሎ ታይቷል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወፍራም ሰውና ስኳሩ ከፍ ማለት የጀመረ ሰው ነው ቀድሞ ወደ ምትክ የሚሄደው፤ ምትኩ ይሁን ሕመሙ የቀደመው መለየት ያዳግታል። ድርጅቱም ምክሩን «ቅድመ ሁኔታ ያለበት» ያለው ለዚህ ነው። ደግሞም፣ ብዙ ዘገባ የዘለለው ነገር፣ መመሪያው ቀድሞውኑ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። ብልቃጥ ይዘው የመጡት ሽማግሌ በዚያ መመሪያ ውስጥ የሉበትም፤ ያለበት ግን ሹፌሩ ነው።

ሌላ ጥናት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የእስራኤሉ የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች 120 ጤነኛ ሰዎችን ወስደው ለሁለት ሳምንት የተለያዩ ማጣፈጫዎችን ሰጧቸው። ሳካሪንና ሱክራሎስ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ለውጠው፣ የአንዳንዶቹን ሰዎች ሰውነት ግሉኮስን የሚያስተናግድበትን መንገድ አዛቡ። ሁሉም ላይ ግን አይደለም፤ የሰው አንጀት እንደ ሰው መልኩ ይለያያል። «እንደገባ ይወጣል» ያልኩት ነገር ሲወጣ በመንገዱ ማንንም ሳይነካ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስኳሩ ራሱ ንጹሕ ሆኖ እንዳይታይ ሒሳቡን ልሥራ። የሰፈራችን ሻይ ብርጭቆው ትንሽ ነው፣ ስኳሩ ግን ሦስት ማንኪያ ይደርሳል። ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና አመሻሽ ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ብቻ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ስኳር ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እዚህ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመርበት፣ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም በላይ ስኳር ስላለው፣ ቀኑ ከ60 ግራም አለፈ። የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ የስኳር ፍጆታ ከዓለም አማካይ በጣም ያንሳል እየተባለ ይነገራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በአማካዩ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ስኳር የማይቀምስ ገበሬ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው እሱ አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያ ውስጥ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ጎልማሶች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል።

የአክስቴን ነገር ቃል ገብቻለሁና ልናገረው።

ብልቃጧን ከገዛች በኋላ ቤቷ በሙሉ ተለወጠ። ስኳር የሚባል ነገር ከወጥ ቤት ወጣ። ሻይ ማንም ይጠጣ ማን በጠብታ ሆነ። በወራት ውስጥ የጠዋት የደም ስኳሯ ወረድ አለ፤ ሁላችንም ብልቃጧን አመሰገንን፤ እውነቱን ለመናገር እራት ላይ ሙሉ እንጀራ መብላት መተዋ የበለጠ ሳይረዳት አልቀረም፤ አንድ እንጀራ ውስጥ ያለው ስታርች ከሦስት ማንኪያ ስኳር በብዙ እጥፍ ይበልጣልና። ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ኢንሱሊኗን በሰዓቷ ወጋች፣ እራት ግን በከሰል ሲሠራ ዘገየ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጇ ደወለችልኝ፤ ከሁለት ሕንፃ ማዶ ስለምኖር በሩጫ ደረስኩ። አክስቴ በሻማ ብርሃን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ከጀርባዋ በላብ ተጣብቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስታናግራት ቃሉን እየጎተተች ነው የምትመልሰው።

«ጣፋጭ ሻይ ሰጥቻታለሁ፣ ሁለተኛ ብርጭቆዋ ነው» አለች ልጇ፤ እንባዋ ሊወርድ ነው።

ሻዩን ቀመስኩት። በጣም ይጣፍጣል። ጠረጴዛው ላይ ብልቃጧ ክዳኗ ተከፍቶ ቆማለች።

የደም ስኳር ሲወድቅ አንጎል የሚጠይቀው ግሉኮስ ነው፤ ጣፋጭነት አይደለም። ለምላስ የሚበቃው ለአንጎል ምንም አይደለም። ከሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ በሲኒ ስኳር ይዘው ወረዱ፤ አራት ማንኪያ በጥቂት ውኃ በጥብጠን አጠጣናት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና ብላ «ምን ሆኜ ነው ሁላችሁም የተሰበሰባችሁት?» አለች። እትዬ ሲኒያቸውን ባዶውን ይዘው ወጡ።

ሐኪሞች የሚያስተምሩት ልኬት እትዬ ሳያውቁት ያመጡት ነው፤ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም። ማር ይሆናል፣ ስኳር ያለው ለስላሳም ይሆናል፤ «ዜሮ» የተባለው ለስላሳ ግን አይሆንም። ሰውዬው ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ሕክምና ነው። ኢንሱሊን ብቻ ሳይሆን እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ የስኳር ሕመም እንክብል የሚወስድ ሰውም በዚህ አደጋ ውስጥ ነው። ብልቃጥ የሚሸጡ ሱቆች ይህን ለገዢው ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ብልቃጧም ላይ አልተጻፈም።

አሁን አክስቴ ቤት ፍሪጅ ላይ በፕላስተር «ለድንገት» የተባለ የቡና ጣሳ ስኳር አለ። ብልቃጧም አልተጣለችም፤ ግን አጠቃቀሟ ተለውጧል። ስምንት ጠብታ ይገባ የነበረው አምስት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨመር አድርጋ ታፈላለች፤ ቀረፋ ራሱ ስኳር ሳይኖረው አፍንጫን አታሎ ሻዩን ጣፋጭ ያስመስለዋል። በእኔ ግምት ማጣፈጫው የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ከሦስት ማንኪያ ወደ ባዶ ሻይ በአንድ ቀን መዝለል ለማይችል ሰው እንደ ምርኩዝ። ጠብታው በዚያው መጠን ለዓመታት የሚቀጥል ከሆነ ምላሱ ሦስት ማንኪያ እንደለመደ ይቀራል፤ ያቺን ብልቃጥ ይዞ ያልወጣ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ይጠጣል።

መንገድ ላይ የሚገኘው ደግሞ ያው ፔርሙሱ ነው። ሻይ ሻጯ ሻዩን የምታጣፍጠው ከቤቷ ነው፤ ማታ አፍልታ፣ ስኳሩን ፔርሙሱ ውስጥ አሟሙታ ታመጣዋለች። «ቀንሺልኝ» ቢሏት የምትቀንሰው ነገር የለም። ስለ ምትክ የምናወራው ሁሉ የራሱን ማንኪያ የሚይዝ ሰውን የሚመለከት ነው፤ ከፔርሙስ የሚጠጣው ግን ብዙ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች። «ስኳር የሌለው ሻይ ማን ይከፍልበታል? ውኃ ሸጠችልን ነው የሚሉኝ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሦስተኛ ፔርሙስ አየሁ፤ ትንሽ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት። ያጠራቀመችው ብር ይሁን ከሰው የተዋሰችው አልጠየቅኋትም። ባዶ ሻይ ናት፤ ቅርንፉዷ በረታ ያለ። ባለ ብልቃጡ ሽማግሌ ቡናውን ትተው ከእሷ ይጠጣሉ፤ ሹፌሩም አንድ ጊዜ ሞክሯት ፊቱን አጨማደደና የስኳሩን ጣሳ ወደ ራሱ ሳበ። አንድ ማንኪያ ጨመረ። ቀድሞ የሚጠጣው ሦስት ያለበትን ነበር።